ማን ቀድሞ ይቀመጥ

መነጽር ሠሪው በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ውሻ፣ ሌላው የሚወዳት ልጅ አባት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም አንድ በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው አገኛቸው።

የመጣበት ጉዳይ ባንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነው፦ ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ። ይህን ሊል ሁለት ጊዜ እቤታቸው ሄዶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቶ ተመልሷል። በመጨረሻ ልጅቷ ሰለቻት።

«አባባ ሳሎን ውስጥ ሰው አያዳምጥም» አለችው። «ቅዳሜና እሁድ ውሻውን ይዞ ጉብታው ላይ ይወጣል። አብረኸው ወጥተህ እዚያ ንገረው። ብቻ ደከመኝ እንዳትል። ደከመኝ ባይ አይወድም።»

የውሻው ስም ሰከን ነው። ስሙን ያወጡለት የልጅቷ እናት ናቸው፤ ገና ቡችላ ሳለ፣ ተስፋ አድርገው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን መልአኩ ሥራ ሳይበዛበት አልቀረም። ሰከን ቆሞ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል ቡናማ ውሻ ነው። እንግዳውን እንዳየ የፊት እግሮቹን ደረቱ ላይ ጭኖ ከአገጭ እስከ ግንባሩ ላሰውና መነጽሩን አጨማለቀበት።

«ወዶሃል» አሉ አባትየው።

«እኔም ወድጄዋለሁ» አለ መነጽር ሠሪው፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ዘንድሮ ጡረታ የወጡ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ገመዱን ለእንግዳቸው አስረከቡትና መንገድ ጀመሩ። መንገድ የጀመረውስ ሰከን ነው፤ ሁለቱ ተጎተቱ።

ጉብታው ከሩቅ ሲያዩት ትራስ ይመስላል፤ ሲወጡት ነው ጉዱ። መነጽር ሠሪው ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሌንስ የሚሞርድ ሰው ነው፤ ከዓይኑ እንጂ ከእግሩ ብዙ ጠይቆ አያውቅም። መንገዱ ሳይጋመስ የልቡ ምት ጆሮው ውስጥ ገባ። ከአንድ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አየ። ዓለም ላይ እንደዚያች ያለ ወንበር ያለ አልመሰለውም። ነገር ግን ታላቅ ሰው ሳይቀመጥ ታናሽ እንዴት ይቀመጣል? ጋሼ የሚላቸውን አባትየውን ሰረቅ አድርጎ ቢያያቸው እሳቸውም ወንበሯን ሰረቅ አድርገው እያዩ ነበር።

«ታርፋለህ?» አሉት።

«ኧረ እኔ ምንም አልል። እርስዎን ካሰኘዎት ግን…»

«እኔን? እኔማ ገና ሰውነቴ መሟሟቁ ነው።»

ወንበሯን አለፏት። ከዚያ ወዲያ የመነጽር ሠሪው ጫማ ማሰሪያ አልጠብቅ አለ፤ በየጥቂቱ ጎንበስ ብሎ ያስረዋል። ጋሼ ደግሞ የአገር ፍቅር አደረባቸው፤ በየመታጠፊያው ቆመው ወደ ታች እያመለከቱ «እስቲ ያንን ጣሪያ እየው» ይላሉ። ጣሪያው ተራ ቆርቆሮ ነው። መነጽር ሠሪው ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ አደነቀው። ሰከን ገመዱ ከተፈታለት ጀምሮ ጫፍ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ይዞራቸዋል፣ እንደገና ጫፍ ይደርሳል፤ እኒህ ሰዎች ምን ነካቸው በሚል ዓይን ያያቸዋል።

አናቱ ላይ ሲደርሱ የመናገሪያው ሰዓት ደረሰ።

«ጋሼ» አለ መነጽር ሠሪው።

«ምነው?»

ትንፋሽ ፈልጎ አጣ። «ጥሩ… አየር ነው።»

«ጥሩ ነው» አሉ እሳቸውም በአጭሩ፤ ከዚያ የረዘመውን እሳቸውም አልቻሉም። ወረዱ።

አመሻሹ ላይ ልጅቷ ደወለች። «ነገርከው?»

«ስለ ጣሪያ ተነጋገርን።»

«ነገ ካልነገርከው» አለች፣ «እኔው ሄጄ አንተን ከአባትህ እለምናለሁ።»

እሁድ ጠዋት መነጽር ሠሪው የቤቱን ደረጃ በጎን በጎኑ ወረደ። እነጋሼ በር ሲደርስ እናትየው ዳቦ የያዘ ከረጢት ሰጡት፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ ባላቸውን አዩና ሣቅ እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ገቡ።

ከጉብታው ሥር ካለው ሜዳ እንደ ደረሱ ሰከን ከረጢቱን ከእጁ መንጭቆ እግሬ አውጪኝ አለ። ሁለቱም ተከተሉት። ጋሼ ግን ብዙም ሳይርቁ ሣሩ አዳለጣቸውና ቁጭ አሉ፤ ሰው የጫነ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንደሚቆም፣ በቀስታ። መነጽር ሠሪው ደንግጦ ተመለሰና እጁን ዘረጋ። ጋሼ እጁን አዩ፣ ጉብታውን አዩ፤ እጁን ግን አልያዙም።

«ተጎዱ እንዴ?»

«አልተጎዳሁም።»

«ታዲያ ላንሣዎት።»

«አታንሣኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካነሣኸኝ መውጣታችን ነው።»

መነጽር ሠሪው ጥቂት አሰበ። ከዚያ «ይፍቀዱልኝ» አለና አጠገባቸው ተቀመጠ። ከሁለቱም አፍ ባንድ ጊዜ እፎይታ ወጣ።

«ልጄ ናት የሠራችን» አሉ ጋሼ። «ሰውዬው ተራራ ወጪ ነው፣ ቀድመኸው ተቀምጠህ እንዳታሳፍረኝ አለችኝ። እኔ ይኼን ውሻ የማወጣው እስከዚህ ሜዳ ነው። ፍሪሲዮን ስረግጥ የኖርኩበት ግራ እግሬ፣ ጉልበቱ አልቋል።»

«ለኔ ደግሞ ደከመኝ ባይ አይወድም ብላኛለች።»

«እሱስ አልወድም። ሰው ደከመኝ ሲለኝ፣ እኔ አልደከመኝም ማለት ግድ ይሆንብኛል።»

ሰከን ዳቦውን ጨርሶ እንጨት በአፉ ይዞ መጣ። ጋሼ ሳይነሡ ወረወሩለት፤ በረረ፣ አምጥቶ መነጽር ሠሪው ጭን ላይ ጣለው። እሱም ሳያስበው የውሻውን ራስ ዳበሰና ወረወረ። እንዲህ እየተፈራረቁ ቆዩ። ውሻው የትላንቱን እጥፍ ሲሮጥ እነሱ ንቅንቅ አላሉም።

«በል አሁን ተናገር» አሉ ጋሼ። «ከትላንት ጀምሮ የሆነ ነገር ጉሮሮህ ላይ ተሰንቅሯል።»

አሁን ትንፋሽ ነበረው። «ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ። እሷም እሺ ብላኛለች። ተራራ ወጪ ግን አይደለሁም።»

ጋሼ እንጨቱን አርቀው ወረወሩ። «ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባንድ ውሸት ሽቅብ የነዳች ሴት ናት። አውቀህ ነው የምታገባት?»

«አውቄ ነው።»

«እናቷን ሳልጠይቅ መልስ የለኝም» አሉና ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉ። መነጽር ሠሪው አነሣቸውና ውሻውን ተከትለው ወደ ቤት አቀኑ።

ሰከን ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ተኛ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን መሰለ። ልጅቷ በመስኮት ታያለች። እናትየው በር ከፍተው ሁለቱን አሳለፉና ከኋላቸው የሱሪያቸውን መቀመጫ አዩ። የሁለቱም አረንጓዴ ነው።

«ጉብታው ዘንድሮ በመቀመጫ ነው እንዴ የሚወጣው?» አሉ።

«አንቺ እሱን ተይና» አሉ ጋሼ፣ «ለአማችሽ ወንበር ስጪው። ከትላንት ጀምሮ ቀድሞት የሚቀመጥ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ይህን ብለው ቀድመውት ተቀመጡ።