በአመዛኙ ሰላማዊ

…በአመዛኙ ሰላማዊ፣ በአመዛኙ፣ እስቲ ይቺን ቃል ማን ፈጠራት፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር በአመዛኙ ልክ ነህ ያልኩት ተማሪ የለም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከተመዘገበበት የምርጫ ጣቢያ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ወጣ ቢለኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው፣ ዜሮ። አሁን ግን የሰው አገር ፕሬዚዳንት ምርጫ ታዛቢ ተብዬ፣ አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከየአገሩ ከመጡት ጋር ተደርድሬ ምርጫው በአመዛኙ ሰላማዊ ነበር የሚል መግለጫ ላይ ፈርም እባላለሁ።

ደግሞ ከታች ቀኑ አለ፣ ሐሙስ ይላል፣ ምርጫው እሑድ፣ ኧረ ጉድ ነው፣ እኛ ሻንጣ ሳንፈታ ተጽፎ አልቋል፣ ታዲያ እኔ በዚያ ኮረኮንች ወገቤ እስኪቆረጥ የተንገላታሁት ለምንድን ነው? የቡድኑ መሪ ጡረተኛ አምባሳደር ናቸው፣ ረቂቅ ነው ወንድሜ፣ ሁሌም እንዲሁ ነው የሚሠራው፣ የእርስዎ ጣቢያ ከጥቃቅን ጉድለቶቹ ውስጥ ተካቷል አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ።

ጥቃቅን። የጣቢያዋ ኃላፊ አዋላጅ ናት፣ የመንደሩን ግማሽ በእጇ የተቀበለች ሴት፣ የቆጠረችው ሦስት መቶ ሰማንያ፣ ምርጫ ቦርዱ የለጠፈው ስድስት መቶ አሥራ አንድ። የቆጠራዋን ቅጂ ኪሷ ውስጥ ደብቃ አመጣችልኝ፣ ጋሼ፣ ስሜን ከነአባቴ ይጻፉልኝ፣ ዓለም ከሰማው ማንም አይነካኝም አለች። እኔም ሪፖርቴ ላይ ጻፍኩ። መግለጫው እስኪነበብ እህቷ ቤት ተደብቃለች፣ ከዚያ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች።

ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ አንዱ ጎረቤት አገር እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ልኳል፣ ይኸው አራተኛው፣ ቆጠራው እኮ አላለቀም ሰዎች! ትልልቆቹ መንግሥታት ደግሞ የታዛቢዎችን መግለጫ እንጠብቃለን ይላሉ፣ እኛን መሆኑ ነው፣ የሐሙሷን ወረቀት፣ ዓይን ያወጣ ነገር።

አልፈርምም እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም ቀና ይላሉ፣ አምባሳደሩ ግን ቅር እንኳ አይላቸውም፣ ችግር የለም፣ ያለ እርስዎም ይወጣል፣ ደግሞ አይናደዱ፣ ሪፖርትዎ እንዳለ አባሪው ውስጥ ገብቷል፣ አንድ ፊደል አልነካንም፣ ለምርጫ ቦርዱም ጠዋት አስረክበናል፣ ደንቡ ነው።

እንዳለ? ስሟም? የአባቷም፣ የምትሠራበት ጤና ጣቢያም? ለዓለም ሳይሆን ለእነሱ፣ እግዚኦ፣ ስሟ ላይ ሁለት ጊዜ ነው ያሰመርኩበት፣ ሞኝ፣ ሽማግሌ ሞኝ፣ ደንቡን ሳልጠይቅ። አምባሳደሩ ማይኩ ጋ ደርሰዋል፣ መግለጫውን እያነበቡ ነው፣ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ናት።

ጋሼ፣ በሬዲዮ እየሰማሁ ነው፣ መግለጫው ላይ ስሜን አላነሱም፣ ጤና ጣቢያ ግን ሁለት ሰዎች መጥተው በስሜ ጠይቀዋል አሉ፣ ከነአባቴ ነው የጠሩኝ፣ ማን ነገራቸው?

ወንበሩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ እኔ ነኝ እህቴ፣ በእጄ ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ቤትሽ እንዳትሄጂ።