ያልመጣው ሁለተኛ መልእክት

ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ አልተቀየረም። የዋናው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ኩራሞቺ ብትመረምር ከወረፋው ፊት የሴንዳይ ቅርንጫፍ ባልደረባ አዛውንቱ ቶኪታ ትናንት ከቤታቸው የላኩት ሰነድ ተገትሯል፤ ሰነዶቹን የሚቀይረው ኮምፒውተርም የይለፍ ቃል ይጠብቃል። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ ሰነድ ተቆልፎ ይላካል፤ የይለፍ ቃሉ በሁለተኛ መልእክት ይከተላል። የቶኪታ ሁለተኛ መልእክት አልመጣም።

«ይሄ ሽማግሌ አንጀቴን አሳረረው» ብላ ወደ ሴንዳይ ቅርንጫፍ ደወለች። ስልኩ ሲጠራ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ቶኪታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት ደቂቃ እንኳ አዘግይተው አያውቁም።

«አቶ ቶኪታ? ዛሬ አልገቡም መሰለኝ» አለ የቅርንጫፉ ሰው። «ልብም አላልን።»

«ብቻቸውን አይደል የሚኖሩት? አሁኑኑ ቤታቸው ሰው ላኩ።»

አለቃዋ ከኋላዋ፣ «ሰርዢውና ወረፋው ይለፍ» አሏት።

ኩራሞቺ ግን አልሰረዘችውም። ከትናንት ጀምሮ ሰውየውን የጠበቀ ይህ ኮምፒውተር ብቻ ነበር።