ቨርኔል አሜን ያለች ቀን

ልጆቼ፣ ያንን «ሕልም አለኝ» የሚለውን ንግግር ትምህርት ቤት ታነቡታላችሁ፤ ደግ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ ላውጋችሁ።

አላባማ፣ የነሐሴ ሙቀት። በጓደኛዬ በቨርኔል ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሷ በጋለ ማበጠሪያ የፀጉሬን ግማሽ አለስልሳ ሌላው ግማሽ ይቀራታል። የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ እናት፣ እማማ ሎቲ፣ መስኮቱ ሥር ያራግባሉ። ሬድዮው የዋሽንግተኑን የጥቁሮች መብት ሰልፍ ያስተላልፋል።

ቨርኔል ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ አልተፈታም። ልጇ ጄኔቫ በመስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ የነጮቹ ትምህርት ቤት ከሚገቡት ጥቁር ልጆች አንዷ ትሁን አትሁን፣ ማታ ለፓስተራችን ቁርጡን መንገር አለባት። ጄኔቫ እሄዳለሁ ብላለች። እናትየው ያለቻት ልጅ ደግሞ እሷው ብቻ ናት።

«ይተፉባታል እኮ። ድንጋይ ይወረውሩባታል። ንግግር ድንጋይ ያስቆማል?» አለችኝ።

«እስቲ መጀመሪያ ስሚው።»

«እሰማለሁ። ግን ትንፍሽ አልልም!» ብላ የፀጉር ማስያዣዎቹን በከንፈሯ ግጥም አድርጋ ያዘች።

እማማ ሎቲ ሳቁ። «ቨርኔል ዝም ልትል! የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ እንዴት ደስ ይለዋል!»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሲናገር ሰሚው ይመልሳል፤ ከመላሾቹ ሁሉ ደግሞ የቨርኔል ድምፅ ይጎላል። አሜን ማለት ግን እንዲሁ አፍ ማላመጃ አይደለም። አሜን ያለ ሰው ቃሉን ሰጥቷል። ለዚህ ነው አፏን የዘጋችው።

በሬድዮው የዋሽንግተኑ ሰባኪ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«እያነበበ ነው» አሉ እማማ ሎቲ።

«በምን አወቁ?»

«በትንፋሹ። የሚያነብ ሰው የሚተነፍሰው መስመሩ ሲያልቅ ነው።»

ቆየት ብሎ አንድ ሐረግ ያዘና ይመላለስበት ጀመር። ቨርኔል ማስያዣዎቹን እንደነከሰች አጉተመተመች፦ «ምነው ይሄ ሰውዬ፣ እዚያው ተቀረቀረ እንዴ?»

«አንቺ፣ ማዶ ያለ ሰው ስትጠሪ አንዴ ጠርተሽ ትተያለሽ? መጀመሪያ ሲጠራሽ ቀና ትያለሽ። ሲደግም፣ የተጠራሽው አንቺ መሆንሽን ታውቂያለሽ። ከዚያ ነው የምትነሺው» አሏት እማማ ሎቲ።

ከዚያ ስለ ሕልሙ መናገር ሲጀምር ድምፁ ተለወጠ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የታሰረ በሬ ገመዱን በጥሶ ሜዳ እንደሚወጣ። እማማ ሎቲ ማራገቢያቸውን አስቀመጡ። «ወረቀቱን ትቶታል» አሉ በሹክሹክታ።

ቃሉን ይጥልና ፀጥ ይላል። ያቺ ፀጥታ የእኛ ቦታ ነበረች፤ ለእኛ ብሎ የተዋት። «በል ልጄ!» አሉ እማማ ሎቲ፣ ለሬድዮ። እኔም «በል!» አልኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከወንዶቹ ፀጉር ቤት፣ ሌላ «በል!» መጣ። ከልብስ ሰፊዋ ቤትም። መንገዱ ሙሉ ለማይሰማን ሳጥን ይመልስ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ሁላችንንም የሰማ ይመስል ከመልሳችን ላይ ተነስቶ ይቀጥላል። ክንዴ ውርር አለኝ። ዛሬም ሳስበው ይወረኛል።

ስለ ራሱ ትንንሽ ልጆች፣ በቆዳ ቀለማቸው ስለማይመዘኑበት ቀን ተናገረ። ከዚያ ፀጥ አለ።

ማስያዣዎቹ አንገቴ ላይ ረገፉ። «አሜን!» አለች ቨርኔል፣ መስታወቱ እስኪነዝር።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ሬድዮ ነው እኮ! አይሰማኝም! ይሄ አይቆጠርም፣ አይደል እማማ ሎቲ?»

እማማ ሎቲ ወደ በሩ አዩ። ጄኔቫ ቆማለች።

«እኔ ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

ቨርኔል ልጇን ትክ ብላ አየቻት። «የተናገረው ስለ ራሱ ልጆች ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔ አንቺን ያየሁሽ ለምንድን ነው?»

ከሬድዮው የሚወጣው የሕዝብ ድምፅ እንደ ጎርፍ ቤቱን ሞላው። ቨርኔል ማበጠሪያው የሚግልበትን ምድጃ አጠፋችና ሽርጧን ፈታች።

«ነይ፤ ፓስተሩ ጋ ሄደን እሺ እንበለው። እስከ ማታ ከቆየሁ ድፍረቱ ይጠፋኛል።»

«እኔስ? ግማሽ ራሴን እኮ ነው የሠራሽው!» አልኳት።

«ሻሽ እሰሪና ተከተዪን፤ እግዜር ሁለቱንም ግማሽ ያውቃል።»

ተከተልኳቸው። እናት የልጇን እጅ አጥብቃ ይዛለች። እርምጃዋ ወደ ኋላ አላለም።