የለቅሶ ስኳር

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለች ጎረቤቷ ኪልቱማ፤ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለውን ሾጣጣ ስኳር ከሌሎቹ አጠገብ አቆመችው። ከግድግዳው ሥር የተደረደሩት አሥራ አራት ሆኑ። በዚህ የአትላስ ተራራ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ አስተዛዛኝ ሁሉ ስኳር ይዞ ይመጣል።

ቱዳ ነጩን የሐዘን ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ስኳሩን ታያለች። ባሏን በሕይወት ሳለ የለመነችው ሦስት ብቻ ነበር።

«ከገደሉ ሥር ሲያገኙት ቀፎውን እንዳቀፈ ነው አሉ» አለች አንዷ፣ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ላይ ጋርዳ።

«ዝም በይ፤ ትሰማሻለች።»

«ትስማ። ሰው ለንብ ይሞታል?»

ቱዳ ሰምታለች።

ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ጦስኙ ሳያብብ ደርቆ ነበር። ንቦቹ መብረር እያቃታቸው ከቀፎው አፍ ይረግፉ ጀመር። ከከተማ የመጣች የግብርና ባለሙያ ስኳር በጥብጦ ንብ መቀለብን ስታስተምር ቱዳ ቁጭ ብላ ተማረች፤ ባሏ ቢሂ ግን ገና ስኳር የሚለውን ቃል ሲሰማ ተነሥቶ ሄደ። የቢሂን ማር ገዢ ሳይቀምስ ነበር የሚወስደው። «የስኳር ማር ሻጭ» ከመባል ሌባ መባል ይሻለው ነበር።

«ሦስት ብቻ» አለችው፣ በመጨረሻው ቀን ጧት። «ሕይወታቸውን እንዲያቆዩ። እሱን ማር አንቆርጥም።»

«እኔ ቆሜ ስኳር አፋቸው አይገባም። ላይኛው ሸለቆ ጦስኝ አለ። አንድ በአንድ ተሸክሜ አወጣቸዋለሁ።»

«በዚያ መንገድ ፍየልም አትሄድም።»

«ከፍየልማ እሻላለሁ» ብሎ ሳቀ፤ የመጀመሪያውን ቀፎ ጀርባው ላይ አሰረ።

እሷ አልሳቀችም። «ሂድ። ሲርባችሁ ትመለሳላችሁ» አለችው። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ወደ ጣራው ወጣች። ባሏ ሞቶባት ኢዳ ላይ ያለች ሴት ወራቱ እስኪያልቅ ከደጅ አትወጣም፤ ጣራው ግን ቤቷ ነው። ከሰባቱ ቀፎዎች የቀሩት ስድስት ናቸው። ጆሮዋን እያስጠጋች አዳመጠች። አንዱ ጭጭ ብሏል። ክዳኑን ስታነሣ ንቦቹ ጭንቅላታቸውን ባዶው ሰፈፍ ውስጥ እንደቀበሩ ሞተዋል። አምስቱ ገና ይተነፍሳሉ።

ወርዳ አንዱን ስኳር አነሣችና ወደ ማድቤት አመራች። ኪልቱማ መንገድ ዘጋችባት።

«ምን ልታደርጊ ነው? ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድም። ምግቡን እኛ እያመጣን።»

«ለንቦቹ ነው።»

ኪልቱማ ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።

«አፈሩ ሳይደርቅ? የሟች ቃል ልታፈርሺ?»

ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ ቃል ያልተነፈሱት አማቷ ኢጃ ከጥግ ሆነው ቀና አሉ። «ምን ነበር ያለው? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ።»

ቱዳ ስኳሩን እንደያዘች ወደ እሳቸው ዞረች። «እኔ ቆሜ ስኳር አፋቸው አይገባም ነው ያለው፣ እማ።»

አሮጊቷ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቃሉን ለራሳቸው ደገሙት።

«አሁን ቆሟል?»

ኢጃ እጃቸውን ዘረጉ።

«የስኳር መዶሻውን ስጡኝ።»

«እሳቱስ?» አለች ኪልቱማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንቺ ቤት እሳት የለም?» አሏት ኢጃ።

ኪልቱማ እያጉተመተመች ድስቱን አነሣች። «ለሰው ስጥድ አንሶ ለዝንብ!»

«ውሃውን ብቻ አፍይው» አለቻት ቱዳ። «ስኳር ካረረ ይገድላቸዋል።»

ኢጃ ስኳሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰባበሩ። በያንዳንዱ ምት ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ ማልቀሳቸው ይሁን መምታታቸው አይለይም። የፈላው ውሃ ሲመጣ ቱዳ ለአንድ እጅ ውሃ ሁለት እጅ ስኳር ጨምራ፣ ጥርት እስኪል አማሰለችው። እስኪቀዘቅዝም ጠበቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ንቦቹ እንዳይሻሙ፣ ሳህኖቹን ይዛ ወጣች። እንዳይሰምጡ በየሳህኑ ላይ ጭድ በተነች፤ በየቀፎው አፍ አንዳንድ አኖረች። መጀመሪያ አንዲት መጣች፤ ጭዱ ላይ ቆማ ምላሷን ዘረጋች። ከዚያ ሌላ።

አምስቱ ቀፎዎች ደረሳቸው። እጇ ላይ ስድስተኛ ሳህን ቀረ።

ቢሂ ተሸክሞት የሄደው ቀፎ የነበረበት ቦታ አሁንም ክብ ምልክቱ አልጠፋም። ቱዳ ተንበርክካ ሳህኑን እዚያ አስቀመጠች፤ ጭዱንም አንድ በአንድ ደረደረችበት።