የላፕቶፕ ድንጋይ የገባበት የእጅ ባትሪ

ጉልሲማ በሰሜን ፓኪስታን ተራራማ አገር፣ ቺትራል ውስጥ አዋላጅ ናት። ወንዙን ተሻግራ፣ ዳገቱን ወጥታ ነው ስራዋ። ከገበያ የምትገዛው ርካሽ የእጅ ባትሪ ድንጋዩን ቶሎ ይጨርስና መንገድ ላይ ይከዳታል።

«ተይው ባጂ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አላት አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ አማን፤ ታላቅ እህቱን «ባጂ» ነው የሚላት። ላፕቶፕ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የሞቱ የላፕቶፕ ባትሪዎች በቅርጫት ተከምረዋል።

አንዱን ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ ካሉት ድንጋዮች አብዛኞቹ አልቆላቸዋል፤ አንዱ ግን መለኪያው ላይ ደህና አሳየ። ቻርጅ አደረገው፤ እንዳይንቀሳቀስ በሻይ ካርቶን ጠቅልሎ የእጅ ባትሪው ውስጥ ከተተው። ግድግዳው ቦግ አለ።

በማግስቱ ሲመሽ ጉልሲማ የተንጠለጠለው ድልድይ መሃል ስትደርስ ብርሃኑ ድርግም አለ። ገመዱን እየዳበሰች ተመለሰች።

«ይኸው ፀሐይህ!» ብላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

አማን ለካው። አሁንም ደህና ነው ይላል! ከሞተር ሳይክል አምፖል ጋር ሲያገናኘው ግን ወዲያው ተዝለፈለፈ። ድንጋዩ ጤነኛ የሚመስለው ስራ ፈቶ ሲቀመጥ ብቻ ነበር።

«አስመሳይ!» ብሎ ሰደበው።

ሌላ ጠንካራ ድንጋይ ፈልጎ አስገባ። ይሄኛው ደግሞ ጉልበቱ በዝቶ አምፖሏን አቃጠላት፤ ሽታው ሱቁን ሞላው። መፍቻውን ወርውሮ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ እያጉረመረመ ተመለሰ። ሙቀቱን እንዲወስድለት ከላፕቶፕ ማቀዝቀዣ የቆረጠውን መዳብ ከአዲስ አምፖል ስር አጣበቀ፤ ኃይሉን የምትገታ ሬዚስተርም ጨመረ።

ያን ሰሞን ከላይኛው መንደር ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ ጉልሲማ ተጠራች።

«ያንተን ተአምር ብቻዬን ይዤ አልሄድም። ቅደም!» አለችው።

ብርሃኑ እስከ ደጃፉ አልከዳቸውም። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ምጡ ገፍቷል። አማን ውጭ ቀረ። ጉልሲማ አጥፍታው የነበረውን ባትሪ መልሳ ልታበራ ስትጫነው ማብሪያው ተሰብሮ እጇ ላይ ቀረ።

«አማን! ና!»

«ባጂ፣ ወንድ እኮ ነኝ!»

«ፊትህን አዙር! እጅህን ብቻ አስገባ!»

ጀርባውን በሩ ላይ ለተንጠለጠለው መጋረጃ ሰጥቶ እጁን ወደ ኋላ አስገባ፤ ባትሪውን ተቀብሎ የተሰበረውን ማብሪያ ሽቦ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆመ። ጣቱ በላላ ቁጥር ብርሃኑ ይጠፋል።

«ብርሃን!»

«ጣቴ ደነዘዘ!»

«ያንተ ጣት ነው እንዴ የሚያምጠው? ያዝ!»

ያዘ። ጥርሱን ነክሶ፣ ማብሪያውን የሠራውን ሰው እየረገመ ያዘ። በመጨረሻ ሕፃን አለቀሰ።

ጉልሲማ እጇን እየጠራረገች ወጣች። «ሴት ልጅ ናት። እናትየውም ደህና ናት።»

«ሁሉን ነገር ለውጬ ይቺን ማብሪያ ልተዋት? ይቺን የማትረባ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ተወለደ እኮ ነው የምልህ!»

«ሰማሁ፣ እንኳን ደስ ያላቸው። ግን ማብሪያው...»

የቤቱ ባለቤት ያቀረቡትን ትኩስ ቂጣ ቆርሳ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀችለት። «ብላ!»

ቁልቁለቱን የወረዱት እሱ ሽቦውን በሌላኛው ጣቱ እየተጫነ፣ እሷ ከኋላው እየሳቀች ነው። እሱ ግን አልሳቀም።