ከሮም እስከ ስቶክሆልም

አምሃ የስልኩን እጀታ ከግራ ጆሮው ወደ ቀኙ አዛወረና የግድግዳውን ሰዓት አየ። ወንድሙ ንጉሡ ከሮም ከተነሳ ገና አርባ ደቂቃው ነው። ሮምና ስቶክሆልም ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በአየር ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ በታክሲ አንድ ሰዓት ያህል። ይህን ሁሉ ጊዜ ታላቅ እህታቸውን ስሂንን በወሬ ይዞ መቆየት የአምሃ ድርሻ ሆኗል።

እናታቸው ያረፉት ትናንት ነው። ዛሬ ማለዳ አጎታቸው ከአዲስ አበባ አምሃ ወዳለበት፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ደውለው «አንተ ወንድ ነህ፣ ቻለው» ብለው ነገሩት። ንጉሡን ጓደኞቹ ተሰብስበው አርድተውት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኝተውታል። ስሂን ግን ስቶክሆልም የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ ብቻውን ላለ ሰው ደግሞ መርዶ፣ ያውም በስልክ፣ አይነገርም። ችግሩ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው የአክስታቸው ልጅ የሺሀረግ መስማቷ ነው። የሺሀረግ የሰማችውን አገር ይሰማዋል። ሌላ ሰው ደውሎ እንዳያገኛት ያለው መላ አንድ ነው፤ ንጉሡ እስኪደርስ መስመሩን መያዝ።

ለወትሮው የትዳር ነገር ሲነሳ «በር ተንኳኳ» ብሎ የሚዘጋው አምሃ ዛሬ ራሱ አነሳው። ስሂን ደስታዋን አልቻለችውም። ከስቶክሆልም አለፍ ብሎ ኡፕሳላ ውስጥ ትህትና የምትባል ነርስ አለች፤ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ፣ ቁመቷ ብቻ ከእሱ ሳይበልጥ አይቀርም። በትህትና ብቻ አንድ ሰዓት አለቀ። ቀጥሎ የምስር ወጥ አሠራር ጠየቃት፤ ሽንኩርቱን እያስደገመ ግማሽ ሰዓት ገፋ። የልጅነት ጥፋቱን አንድ በአንድ አስቆጠራት። ስትስቅ እንባው ይመጣል፤ ሳቋን ግን አልጠገበም። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከማንም አብልጦ ይወዳታል።

«ለእማዬ ደውለህላት ነበር?» አለችው በመሐል።

«ሐሙስ አናግሬያታለሁ።»

እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስሂን መሳቅ ቀነሰች። የትህትናን ነገር መልሶ ቢያነሳም በአጭሩ መለሰችለት። እሱም እየተንተባተበ ስለ አየሩ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ አወራ።

አራተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል የበሯ ደወል በስልኩ ውስጥ ተሰማ። ስሂን ወዲያው አልተነሳችም።

«አምሃዬ፣ ይህን ያህል አውርተኸኝ አታውቅም» አለችው ዝግ ባለ ድምፅ። «በር ላይ ያለው ንጉሡ ነው፣ አይደል?»

«ነው፣ እትዬ።»

ወንበሯን ገፍታ ስትነሳ ሰማ።

«እኔስ ሰው መጣልኝ። አንተ ዘንድ ማን አለ?»

አምሃ ቤቱን ዘወር ብሎ አየ። አብሮት የሚኖረው ማቲያስ ሥራ ላይ ነው፣ እስኪመሽ አይመለስም። ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ከማለዳ ጀምሮ አንቆ የያዘው ለቅሶ ቀደመው።

ደወሉ ደገመ።

«ስልኩን እንዳትዘጋው» አለችው። «ከፍቼለት መጣሁ።»