ዘፈን የሌለው ደቦ

እንግዳወርቅ ልጇ ዘገየ ከሞተ ወዲህ አላለቀሰችም። ጊቤ ወርዶ ንዳድ ይዞት መጣ፤ አልጋ ላይ ብዙም ሳይከርም፣ መስቀል ሳይደርስ አረፈ። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሷ መደብ ላይ ተቀምጣ የሰው እግር ታይ ነበር፤ ማን ጫማ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው። ሰው መቼም ዝም አይልም፤ "ዓይኗ ደረቀ" አላት። ይበል። ገላዋ ሁሉ እንደ ተኙበት ክንድ ሆኖባት ነበር፤ አለ፣ ግን የራስ አይመስልም።

አሁን አርባው ደረሰ። ለተዝካሩ ከወንጪም ከደንዲም ዘመድ ይመጣል፣ ካህናቱም ይመጣሉ፤ ይህን ሁሉ ሰው የሚይዝ ዳስ መተከል አለበት። የት ይተከል? ግቢዋን የወፍ ቆሎ ውጦታል።

የወፍ ቆሎ ማለት አበባው ቀይና ቢጫ፣ ፍሬው ጥቁር፣ ግንዱ እሾሃም፣ ሽታው ራስ የሚያዞር ቁጥቋጦ ነው። ወፍ ይበላዋል፣ ወፍ ይዘራዋል፤ ሰው ደግሞ ሲቆርጠው ይኖራል። አምቦ፣ በያኔው ስሙ ሀገረ ሕይወት፣ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር። እሷ ግቢ ያስገባው ዘገየ ነው፤ ገና ጎረምሳ ሳለ ፍል ውሃው አጠገብ ከነበረ የፈረንጅ ግቢ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለችው።

"አበባ ነው እማ። ግቢያችን እንዲያምር።"

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"የማይበላ ነገር ነው ሰውን የሚበላው።"

እውነቷን ነበር። ጎመኑን በላው፣ ጌሾውን በላው፣ የጥጃ ማሰሪያውን በላው። "ንቀለው" ባለችው ቁጥር ዘገየ "ለጥቅምት፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል" ይላት ነበር። ይኸው ጥቅምት ገባ።

ባሻ ውባየሁ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ግቢው ሰፊ፣ ሆዱም ሰፊ፣ ስሙ ሲጠራ ደስ የሚለው ሰው።

"እትዬ፣ ተዝካሩ እኔ ዘንድ ይሁን" አላት። "ያንቺ ግቢ የጅብ ጎሬ ሆኗል።"

"የልጄ ተዝካር ከልጄ ደጅ አይወጣም።"

"ታዲያ ካህናቱን የት ልታስቀምጫቸው ነው? ዛፍ ላይ?"

ተዝካሩ ከደጁ የወጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለች፤ "የእገሌ ቤት ተዘጋ" ነው የሚባለው። ባሏ ሲሞት ቤቱ አልተዘጋም፤ ዘገየ ነበር። አሁን ያለችው እሷ ናት። እሷን ማን ቆጥሯት!

"እስከ ነገ ማታ ከጸዳ እሰየው" አለ ባሻ። "ካልጸዳ የዳሱን ምሰሶ አሸክሜ እወስዳለሁ።"

ጎረቤቷ ኦቦ ሌታ ደቦ ጠራላት። በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ መጥረቢያና ዶማቸውን ይዘው መጡ። ደቦ ከተባለ ዘፈን አለበት፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ክንዱ ሁሉ አብሮ ተነሥቶ አብሮ ይወድቃል። ሐዘን ቤት ግን አይዘፈንም፤ አርባው ሳይወጣ ጉሮሮውን የከፈተ ነውረኛ ነው። ስለዚህ ዝም ብለው ገቡ፣ ዝም ብለው መቱ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል፣ የዶማው ድምፅ እንደ ተበተነ መንጋ ኮቴ ነበር። በየደቦው ዘፈን የሚያወጣው ቦጂያ አፉን በጋቢው አስሮ ይቆፍራል።

"ምን ሆነሃል?" አለው ሌታ።

"እንዳያመልጠኝ ነው፣ ኦቦ።"

ዳር ዳሩ ተመነጠረ። መሐሉ ላይ ዘገየ የተከላት የመጀመሪያዋ ቀረች። ጉቶዋ የእንስራ ሆድ ያህላል። ገመድ አስገብተው ሳቡ፤ አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ጉቶዋ ነቅነቅም አላለች። እንግዳወርቅ ቅርንጫፍ ስትጎትት ነው የዋለችው። እሾሁ መዳፏን ቀዶት ደሙ እስከ ክርኗ ወርዷል።

"አዴ እንግዳወርቅ፣ እጅዎ እኮ ደማ!" አለ ሌታ።

"የማን እጅ?" አለች። አየችው። "አዎ" ብላ ጉተታዋን ቀጠለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባሻ ሸክመኞች አስከትሎ ከተፍ አለ። ምሰሶዎቹ በሩ ላይ ተጋድመዋል።

"ይኸው አልሆነም" አለ። "እትዬ፣ ትዕቢቱ ይብቃሽ። እናንተ፣ አንሡ!"

ሸክመኞቹ ጎንበስ አሉ። እንግዳወርቅ ገመዱን አየች፣ የደከሙትን ሰዎች አየች።

"ቦጂያ፣ አፍህን ፍታ።"

"አቤት፣ አዴ?"

"ዝፈን።"

ሌታ "ኧረ ነውር ነው፣ አዴ፤ የልጅዎ አርባ ገና..." ብሎ ሳይጨርስ ባሻ ቀማው።

"አበደች! የልጇ አፈር ሳይደርቅ ልታዘፍን!"

"አላለቀሰችም ብላችሁ አምታችሁኛል" አለች፣ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም ሳይል። "አዘፈነች ብላችሁ ደግሞ እሙኝ። የልጄ ዳስ ካንተ ደጅ ከሚተከል የኔ ስም ጭቃ ይብላ። ቦጂያ፣ አንተን ነው!"

ቦጂያ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። ሳለና ቀስ ብሎ አወጣ፦

ያዝ እንጂ የናቴ ልጅ፣ ያዝ እንጂ በጉልበት፣
ሥሩን ሳይነቅል ሰው አይገባም ወደ ቤት።

"ሆ!" አሉ። እንግዳወርቅም ከኋላ መጥታ ገመዱን ያዘች። "ሆ!" ሲሉ ሳበች፣ ሲያረግቡ አረገበች። በሩ ላይ የባሻ ሸክመኞች ምሰሶውን በትከሻቸው እንደያዙ "ሆ!" እያሉ ይቀበሉ ጀመር፤ ባሻ ቢቆጣ ማን ይስማው። ጉቶዋ ተንቋቋች፣ ተነቃነቀች፣ ከነአፈሯ ተነቅላ ወጣች፤ ሳቢው ሁሉ በቂጡ ዘጭ አለ። አንዱ ሳቀ። ወዲያው አፉን ያዘ።

እንግዳወርቅ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። እንባዋ ይመጣ እንደሆን ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም።

ሌታ ጉድጓዱን ሊደፍን ዶማውን አነሣ።

"ተወው" አለችው። "የዳሱ መሐል ምሰሶ እዚያ ይገባል። የተቆፈረ እያለ ሌላ አይቆፈርም። ባሻ፣ ተገትረህ ከምትቀር በዚያ በኩል ያዝ።"

ባሻ አጉረመረመ። አጉረምርሞም ያዘ።

ማታ እጇን በአመድ አሸችው፤ የወፍ ቆሎው ሽታ አልለቀቀም። በአርባው ቀን ካህናቱ ሲጸልዩ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ከመሐሉ ምሰሶ ሥር ተቀመጠች። ከወንጪ የመጣች አንዲት ዘመድ አጠገቧ አረፍ ብላ አፍንጫዋን ነፋች።

"እዚህ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?"

"የልጄ አበባ ነው" አለች እንግዳወርቅ። "አይበላም።"